ብዕር ሲነጥፍ ሰውነት የሚከፍለው ዕዳ

ግንቦትና ሰኔ ሲመጡ በምሠራበት ክሊኒክ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ዓይነት ሕመምተኛ አለ። ዕድሜው ከሃያ እስከ ሠላሳ ይሆናል። ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጨጓራው ይቃጠላል፣ እንቅልፍ ከራቀው ሰንብቷል። የደም ግፊቱን ለክተን፣ የልቡን ምት አዳምጠን፣ ሲያስፈልግም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ አሠርተን ብዙ ጊዜ የጎላ ችግር አናገኝም። «ሰሞኑን በምን ሥራ ተጠምደሃል?» ሲባል ግን ነገሩ ይገለጣል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። የማስረከቢያው ቀን ደርሷል፣ አማካሪው ይጠብቃል፣ ገጹ ግን ነጭ እንደሆነ ነው። ያን ነጭ ገጽ ለማሸነፍ በቡና፣ በጫት፣ በሲጋራና እንቅልፍን በመከልከል ሲታገል ሳምንታት አልፈዋል።

ይህ የተማሪ ብቻ ችግር አይምሰላችሁ። ነገ ጠዋት ሪፖርት የሚያስረክብ የመሥሪያ ቤት ባለሙያ፣ የኅትመት ሰዓት የደረሰበት ጋዜጠኛ፣ ልብ ወለዱ ከሦስተኛው ምዕራፍ አልፎ አልሄድ ያለው ደራሲ፣ ለወንድሟ ሠርግ ግጥም የተጠየቀች እህት፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ይነጥፋል። ላም ስትነጥፍ ባለቤቷ በቅድሚያ የምትበላውን ይመለከታል። ሰው ግን ብዕሩ ሲነጥፍ የሚሮጠው ወደ ማነቃቂያ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናየው ያ ማነቃቂያ ለጽሑፉ ምን ያህል እንደሚጠቅምና ሰውነትን ምን እንደሚያስከፍል ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እነዚህ ነገሮች የሚሰጡት ንቃት ነው። ንቃት ደግሞ ቃል አይደለም።

በአገራችን ቀዳሚው የጸሐፊ ማገዶ ቡና ነው። ቡናን በሕክምና ስም ልወቅስ አልተነሳሁም፤ እኔም ብሆን አቦሉን ሳልጠጣ የተረኛነት ሌሊቴን መጀመር አልወድም። በመጠኑ የሚጠጣ ቡና ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ልብ ጎጂ አይደለም። በውስጡ ያለውን ካፌይን ለይቶ ያወጣው ፍሪድሊብ ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1819 የቡና ፍሬ ሰጥቶ እንዲመረምረው ያበረታታው ሰው ታዋቂው ደራሲ ጎተ ነበር። የቡናን ምስጢር ሳይንስ እንዲፈታው የገፋፋው የብዕር ሰው መሆኑ ለዛሬው ርዕሳችን የተመቸ አጋጣሚ ነው።

ካፌይን እንዴት እንደሚሠራ መረዳት ለጸሐፊ ይጠቅማል። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። ይህ ንጥረ ነገር በነርቭ ሕዋሳት ላይ ባሉ መቀበያዎች ላይ ሲያርፍ ድካምና እንቅልፍ ይሰማናል። ካፌይን የሚሠራው ቀድሞ ሄዶ በእነዚያ መቀበያዎች ላይ በመቀመጥ ነው። ወንበሩን ስለያዘበት አዴኖሲኑ ገብቶ መቀመጥ አይችልም፤ ነገር ግን አልጠፋም፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ካፌይኑ ሲለቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ «ድንገት ወደቅሁ» የሚሉ ሰዎች የሚገልጹት ይህንኑ ነው። ቡና ድካምን አይከፍልላችሁም፤ ክፍያውን ያዘገይላችኋል።

ሌላው ጉዳይ ሰዓቱ ነው። ሰውነታችን የጠጣነውን ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና ከምሽቱ 3 ሰዓት ግማሹ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደግሞ ሩቡ ገና በደማችሁ ውስጥ አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከመኝታ 6 ሰዓት ቀድሞ የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀንሳል። ይኸው 400 ሚሊግራም የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤነኛ አዋቂ የቀን ጣሪያ አድርጎ ያስቀመጠው መጠን ነው። ለነፍሰ ጡር ጣሪያው 200 ሚሊግራም ነው። በጀበና የሚፈላው ቡናችን እንደ አፈላሉና እንደ ሲኒው መጠን ስለሚለያይ «ይህን ያህል ሲኒ» ብዬ አልቆርጥላችሁም። በአቦል ጀምሮ በበረካ የሚጨርስ፣ ከሰዓት ሁለት ማኪያቶ የሚጨምር፣ ማታ ደግሞ ኃይል ሰጪ የሚባለውን የታሸገ መጠጥ የሚከፍት ሰው ግን ጣሪያውን ሳያልፍ አይቀርም።

ስለ ቡናና ስለ ጽሑፍ ሲነሳ ፈረንሳዊው ኦኖሬ ደ ባልዛክን መዝለል አይቻልም። ማታ በጊዜ ተኝቶ እኩለ ሌሊት ላይ እየተነሳ፣ ቡና በቡና ላይ እየደረበ እስከ ጠዋት ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ስለ ማነቃቂያዎች ባወጣው ጽሑፍ ላይ ለሐኪም ትልቅ ትምህርት የሚሆን ነገር አስፍሯል። የቡናው ኃይል ከሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በላይ እንደማይዘልቅ አስተውሏል። እየለመደው ሲሄድ መጠኑን ጨመረ፣ አወፈረው፣ በመጨረሻም የተፈጨውን ቡና በባዶ ሆድ እስከ መቃም ደረሰ። ዛሬ ይህን «መላመድ» እንለዋለን፤ የሱስ ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ባልዛክ እ.ኤ.አ. በ1850 በ51 ዓመቱ በልብ ሕመም ተዳክሞ ሞተ። ቡናው ብቻ ገደለው ማለት አይቻልም፤ የሌሊት ኑሮው፣ ዕዳውና ውፍረቱም አሉ። ባዶ ሆዱ ላይ ያደረገውን ግን እናቶቻችን ቢያዩ ኖሮ ዝም አይሉትም ነበር። ቆሎው፣ ዳቦው፣ ቡና ቁርሱ ያለ ምክንያት ከረከቦቱ ጎን አልተቀመጠም። የጨጓራ ሕመም ያለባችሁ ሰዎች ቢያንስ ይህን ሥርዓት አታፍርሱ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ጉበቱ ካፌይንን በፍጥነት ያስወግዳል። ይህ ሰው ሲጋራውን አቁሞ የቡናውን መጠን እንደ ነበረ ከቀጠለ በደሙ ውስጥ ያለው ካፌይን ከፍ ይላል። ልቡ ሲመታና ሲቅበጠበጥ «ሲጋራ ማቆሜ ነው የጎዳኝ» ብሎ ተመልሶ ያጨሳል። ሲጋራ ስታቆሙ ቡናውንም በግማሽ ቀንሱ። ሲጋራው ራሱ ሐሳብ ይሰበስባል የሚባለውም አሳሳች ነው። የሚሰበሰበው ከአንድ ሰዓት በፊት ያጨሱት ሲጋራ ኒኮቲን ጎድሎ የበተነው ሐሳብ ነውና።

ጫት ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። «ያለ ጫት አንድ መስመር አይወጣልኝም» የሚሉ የጥበብ ሰዎችን፣ ተማሪዎችንና የሥራ ባልደረቦችን ሁላችንም እናውቃለን። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው ጠንካራ አነቃቂ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖኑ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ወደ ደከመ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በሌሊት የሚበረው መኪና ላይ የሚጫነው ለዚህ ነው።

ምርቃናው ሲመጣ ሐሳብ ይጎርፋል፤ ይህን አልክድም። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራሉ፣ ረኃብ ይጠፋል፣ ሰውየው በራሱ ይተማመናል። ነገር ግን መጻፍ ማለት ከጎረፈው መካከል መምረጥ ነው። በምርቃና ጊዜ የሚዳከመው ደግሞ ይኸው የመምረጥ ችሎታ ነው፤ ሁሉም ሐሳብ ድንቅ ይመስላል። በምርቃና ፎቅ ስለሚሠሩ ሰዎች የሚወራው ቀልድ ለጽሑፍም ይሠራል። አንድ ታካሚዬ በአንድ ሌሊት አሥራ ሁለት ገጽ ጽፎ፣ በማግሥቱ ሲያነበው ግማሽ ገጽ ብቻ እንዳስቀረ አጫውቶኛል። ያን ግማሽ ገጽ ተኝቶ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ከቁርስ በፊት ይጨርሰው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የሚከተለውን በርጫ ቤት የሚያዘወትር ሁሉ ያውቀዋል። እንቅልፍ እምቢ ሲል ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይባልና ወደ መጠጥ ይኬዳል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ሌሊቱ በዱካክ ያልፋል። ጠዋት ድብርትና ሀራራ ይጠብቃሉ። በዚህ ዑደት ውስጥ የሚኖር ሰው ጨጓራው ይታመማል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ጥርሱና ድዱ ይጎዳሉ። ከየመን የወጡ ጥናቶች ጫት በብዛት መቃምን ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር አያይዘውታል። ለአእምሮ ሕመም ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ላይ ደግሞ ያለ መሠረት የመጠራጠርና የሌለ ድምፅ የመስማት ችግር ሊቀሰቅስ ይችላል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች «ትንሽ ብቻ» የሚባለውም አይመከራችሁም።

ጫት ለማቆም ለምትፈልጉ ጸሐፊዎች አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት ሰውነት ይዝላል፣ እንቅልፍ ይበዛል፣ ስሜት ይወርዳል፣ ቅዠት ይኖራል። ብዕሩም ከወትሮው ይብስ ይደርቃል። ብዙዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው፤ «ይኸው፣ ያለ እሱ መጻፍ እንደማልችል አረጋገጥሁ» ይላሉ። ያረጋገጡት ግን ሰውነታቸው ከአነቃቂው ገና እየተላቀቀ መሆኑን ነው። ስለዚህ የማቆሚያ ጊዜያችሁን ጽሑፍ ከምታስረክቡበት ሳምንት ጋር አታገናኙት። ረፈድ ያለ፣ ሥራ ቀለል ያለበት ወር ምረጡ። የሚቃመውን መጠንና ቀን ቀስ በቀስ መቀነስም ይቻላል። ከጫት ጋር ሲጋራና መጠጥ አብረው የሚሄዱ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም መጥታችሁ ከባለሙያ ጋር ብታቅዱት ይሻላል፤ በተለይ በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው መጠጥን በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና የሚጥል ሕመም ሊያጋጥመው ስለሚችል ብቻውን አይሞክረው።

እዚህ ላይ አብሾን ሳላነሳ አላልፍም። በአገራችን ትምህርት ቶሎ እንዲገባቸው፣ አእምሯቸው እንዲከፈት ብለው የቆሎ ተማሪዎች ይወስዱታል ሲባል የኖረ ነገር ነው፤ ከአጤ ፋሪስ፣ አስተናግር ከሚባለው ተክል እንደሚዘጋጅም ይነገራል። ይህ ተክል አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ይዟል። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይጋልባል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ሲበዛም ይሞታል። የሚያስገርመው ስኮፖላሚን በሳይንስ ዓለም የሚታወቅበት ሌላ ሥራ ነው። ተመራማሪዎች የመርሳት ችግርን ለማጥናት ሲፈልጉ የሰውን ወይም የእንስሳን ትውስታ ለጊዜው ለማድከም ይጠቀሙበታል። አእምሮ ይከፍታል የተባለው ነገር በቤተ ሙከራ አእምሮ መዝጊያ ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው። ዛሬም «ለጥናት፣ ለትኩረት» እየተባለ በእጅ በእጅ የሚሸጥ ቅጠል ወይም ክኒን ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱ።

ከቅኔ ቤት ግን የሚቀዳ ሌላ ትምህርት አለ። ተማሪው ቅኔውን ለመቁጠር ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ሜዳ ወጣ ይላል፤ ብቻውን ሆኖ፣ እያንጎራጎረ ቃሉን ከቃል ያጋጥማል። ይህ ልማድ በዘመኑ ምርምር ድጋፍ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች ሲቀመጡና ሲራመዱ አዳዲስ ሐሳብ የማፍለቅ ችሎታቸውን አነጻጽረው ነበር። ሲራመዱ የሚያፈልቁት ሐሳብ በአማካይ በ60 በመቶ ገደማ ጨመረ። ግድግዳ እያዩ በመሮጫ ማሽን ላይ የተራመዱትም ሳይቀሩ ተጠቅመዋል፤ ከተቀመጡ በኋላም ውጤቱ ለጥቂት ጊዜ ቆይቷል። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ እርምጃ ሐሳብ ያፈልቃል እንጂ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ለሚፈልግ ሥራ እምብዛም አልጠቀመም። ስለዚህ ጽሑፍ ለመጀመር ስትቸገሩ ውጡ፤ የቁጥር ሠንጠረዥ ለማረም ግን ተቀመጡ። ጃፓናዊው ደራሲ ሃሩኪ ሙራካሚ ይህን በራሱ መንገድ ገፍቶበታል። ሙሉ ጊዜውን ለጽሑፍ ሲሰጥ እ.ኤ.አ. በ1982 መሮጥ ጀመረ፤ በ1996 ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን ሮጧል። እኛ 30 ደቂቃ በእግር ብንሄድ ይበቃናል።

መጠጥን በሚመለከት ብዙ የሚያሳስተው የታላላቅ ደራስያን ስም ነው። «እነ እገሌ ጠጪ ነበሩ» ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ነበሩ። ነገር ግን አሜሪካዊውን የተውኔት ደራሲ ዩጂን ኦኒልን ተመልከቱ። በወጣትነቱ ክፉኛ ይጠጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1926 ገደማ ጀምሮ መጠጥ ተወ። ዛሬ የሥራዎቹ ቁንጮ ተብለው የሚጠቀሱት ተውኔቶች የተጻፉት ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስቲፈን ኪንግም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው የጽሑፍ ሕይወት ትዝታው ከመጽሐፎቹ አንዱን መጻፉን ራሱ በቅጡ እንደማያስታውስ ገልጿል፤ ያኔ በመጠጥና በዕፅ ሱስ ተይዞ ነበር። ሱሱን ካቆምሁ ብዕሬ ይነጥፋል ብሎም ፈርቶ ነበር። ካቆመ በኋላ በርካታ መጻሕፍት ጽፏል። አልኮል የሚሰጠው ድፍረት የሚመጣው የአንጎልን ልጓም በማላላት ነው። ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን ሕልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል ይሰርቃል፣ ሌሊቱ አጋማሽ ላይም ይቀሰቅሳል።

የእንቅልፍ ነገር ለጸሐፊ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው ብል አላጋነንሁም። እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን የተሠራ ጥናት ለሰዎች አሰልቺ የቁጥር ሥራ ሰጣቸው። በሥራው ውስጥ ነገሩን በአንድ ጊዜ የሚያሳጥር ድብቅ ሕግ ነበር። ሥራውን ከተለማመዱ በኋላ 8 ሰዓት የተኙት ሰዎች ያን ድብቅ ሕግ ነቅተው ከቆዩት ከእጥፍ በላይ በሆነ ቁጥር አግኝተውታል። አንጎል በእንቅልፍ ጊዜ ሥራ ፈት አይደለም፤ ቀን የሰበሰበውን ያደራጃል፣ የተራራቀውን ያገናኛል። በሌላ በኩል ከ17 እስከ 19 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የሥራ ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመሳሰል ተለክቷል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሳችሁ ሰዎች ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ገና «አሁን ልጀምር» የምትሉ ከሆነ ሳትጠጡ ሞቅ ብሏችሁ ነው የምትጽፉት።

በተግባር እንዴት ይሁን ላላችሁኝ፣ ለታካሚዎቼ የምነግረውን ልንገራችሁ። የተቸገራችሁበትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ተኙ። ጠዋት ስልካችሁን ሳትከፍቱ፣ ዜናውም ቴሌግራሙም ሳይገባ፣ ቁርስ ቀምሳችሁ ተቀመጡ። ቡናችሁን ከዚያ ጠጡ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን ይቅርባችሁ። ኧርነስት ሄሚንግዌይ የቀኑን ሥራ የሚያቆመው ቀጥሎ የሚመጣውን እያወቀ ነበር፤ በማግሥቱ ከየት እንደሚጀምር አይቸገርም። ከመጠጥ ልማዱ ይልቅ ይህን ልማዱን ብትወስዱለት ይሻላል። ተቀምጣችሁ 40 እና 50 ደቂቃ ከሠራችሁ ተነሱ፣ ውኃ ጠጡ፣ አንገታችሁን አፍታቱ። ዕድሜያችሁ ከ40 ዓመት በላይ ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁን ተመርመሩ። «መጻፍ ሰለቸኝ፣ ራሴን ያመኛል» ብለው ከሚመጡ ሰዎች መካከል የማንበቢያ መነጽር ብቻ የሚያስፈልጋቸው ጥቂት አይደሉም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ቃል እምቢ ካለ፣ ችግሩ ከጽሑፉ ላይሆን ይችላል። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ በእንቅልፍ ልብ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ለአለርጂ የሚወሰዱ የሚያደነዝዙ መድኃኒቶች፣ ሁሉም አእምሮን ያዘገያሉ፤ አብዛኞቹም በቀላል ምርመራ ይታወቃሉ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ተደብቆ የሚያልፈው ግን ድባቴ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ በአብዛኛው ቀን ስሜታችሁ ከወረደ፣ ይወዱት የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ ሌሊት ነቅታችሁ ጎህ እስኪቀድ ከተገላበጣችሁ፣ ራስን የመውቀስ ወይም የሞት ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ ስንፍናም የችሎታ ማለቅም አይደለም፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። የሞት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያን ዕለት ለምታምኑት ሰው ንገሩና አብራችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ጸሐፊዎችን የሚመለከት አንድ የቆየ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ናንሲ አንድሪያሰን የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም በአዮዋ የጽሑፍ አውደ ጥናት የተሳተፉ 30 ደራስያንን መርምረው፣ 80 በመቶዎቹ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ የስሜት ሕመም እንዳጋጠማቸው፣ በንጽጽር የተመረመሩት ሌሎች ሰዎች ዘንድ ግን 30 በመቶ እንደሆነ ጽፈዋል። ቁጥሩ ከጥቂት ሰዎች የተገኘ ስለሆነ ለሁሉም ደራሲ አይሠራም። ነገር ግን ሁለት ነገር ያሳስበናል። አንደኛው ድባቴው ነው። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ሰውየው በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ሳይደክመው ሲጽፍ ያድራል፣ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ገንዘቡን ይበትናል፣ የማይሆን ታላቅ ዕቅድ ያወራል። ቤተሰብ «ብዕሩ ተባረከለት» ብሎ ይደሰት ይሆናል፤ ይህ ግን የባይፖላር ሕመም መነሻ ሊሆን ይችላል። ጠበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ። መድኃኒቱ ጥበቤን ይገድላል የሚል ስጋት ያላችሁ ለሐኪማችሁ በግልጽ ንገሩት፤ መጠን ይስተካከላል፣ ዓይነቱም ይለወጣል።

ዕድሜ ከገፋ በኋላ የሚመጣ የቃል መጥፋት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እንግሊዝ ትኖር የነበረችው ደራሲ አይሪስ መርዶክ የመጨረሻ ልብ ወለዷን እ.ኤ.አ. በ1995 ካወጣች በኋላ መጻፍ አቃታት። እሷም የደራስያን ሁሉ የብዕር መንጠፍ መስሏት ነበር። በኋላ ግን አልዛይመር መሆኑ ታወቀ፤ በ1999 አረፈች። ተመራማሪዎች በ2005 የመጨረሻ ልብ ወለዷን ከቀደሙት ጋር ሲያነጻጽሩ የቃላት ክምችቷ ጠብቦ አገኙት፤ ምርመራው በሽታውን ከማግኘቱ በፊት ማለት ነው። አባታችሁ ወይም እናታችሁ የታወቀ ዕቃ ስም ደጋግሞ ከጠፋባቸው፣ ያወሩትን መልሰው ካወሩ፣ የለመዱት መንገድ ከጠፋቸው «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከሚመስሉት መካከል የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግር ይገኙበታል፤ እነዚህ ይታከማሉ።

በመጨረሻ ከሁሉ አስቸኳዩን ልንገራችሁ። ቃል ቀስ ብሎ ሲጠፋ ጊዜ አለ፤ በድንገት ሲጠፋ ግን የለም። ደህና ሲያወራ የነበረ ሰው ድንገት አንደበቱ ከተሳሰረ፣ የሚናገረው ቃል ትርጉም ካጣ፣ የሚባለውን መረዳት ካቃተው ወይም ብዕር ይዞ ስሙን መጻፍ ከተሳነው፣ ፊቱን ተመልከቱ፤ ፈገግ በል ስትሉት አንዱ ጎን ይወርዳል? ሁለቱን እጆቹን አንሳ በሉት፤ አንዱ ይወድቃል? ይህ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ፣ በተለምዶ ስትሮክ የምንለው ሊሆን ይችላል። አንዱ ምልክት ብቻ ቢኖርም፣ በደቂቃዎች ውስጥ የተሻለው ቢመስልም፣ «ድካም ነው፣ ሌሊት ሲጽፍ አድሮ ነው» አትበሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ ወይም ባገኛችሁት መኪና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ውኃም ሆነ መድኃኒት በአፉ አትስጡት፣ ሊታነቅ ይችላል። ችግሩ የጀመረበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙና እንደደረሳችሁ ለሐኪሙ ስጡት።